የራስን የሹራብ ንድፍ ከጨርቁ መጀመር

ጥያቄ፦ ለዓመታት የሌሎችን ንድፍ እየተከተልኩ ሹራብ ስሠራ ቆይቼ አሁን የመጀመሪያውን የራሴን ንድፍ አወጣሁ። በቅድሚያ ሥዕሉን በወረቀት ነደፍኩ፤ ከፊት በኩል ሰፋፊ ጉንጉኖች አስገባሁበት፤ ከዚያም የጥጥና የአልፓካ (የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ጸጉር) ቅልቅል ክር መርጬ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ሠርቼ ለካሁ። ሹራቡ ሲያልቅ ልኬ ነበር። ታጥቦ ጥቂት ጊዜ ከተለበሰ በኋላ ግን በ8 ሴንቲ ሜትር ረዘመ፤ ትከሻውም ወደ ክንዴ ወረደ። ስሌቴ የት ላይ ተሳሳተ? ለወደፊቱስ ከክሩ ልጀምር ወይስ ከሥዕሉ?

ምላሽ፦ ከጥያቄዎ ጋር ያያያዟቸውን ቁጥሮች መልሼ አስልቻቸዋለሁ፤ ስሌትዎ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ቁጥሮቹ በተወሰዱበት ናሙና ላይ ነው። ናሙናዎ ያልታጠበ፣ ጉንጉን የሌለበት፣ ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝንና ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የተለካ ነበር፤ ሹራቡ ግን የታጠበ፣ ጉንጉን የበዛበት፣ እንደ ነገሩኝ ወደ 700 ግራም የሚመዝንና ቀኑን ሙሉ ከትከሻ ተንጠልጥሎ የሚውል ነው። ሁለቱ ከአንድ ክር ይሠሩ እንጂ በጠባይ የተለያዩ ጨርቆች ናቸው፤ የአንዱን ልክ ለሌላው መስጠት ደግሞ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢስተካከል ውጤቱን አያድነውም። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ ከክሩም ከሥዕሉም ሳይሆን ከጨርቁ ይጀምሩ የሚል ነው። ክሩ፣ የመርፌው ውፍረትና የአሠራሩ ዓይነት ተገናኝተው የሚፈጥሩት ጨርቅ ታጥቦ ደርቆ በእጅዎ እስኪገባ ድረስ ሥዕሉ ምኞት ብቻ ነው።

የክርን ጠባይ ከቀለሙና ከልስላሴው አስቀድሞ መመርመር ይገባል። የበግ ሱፍ ጭረቱ፣ ማለትም ክሩ የተፈተለበት ቀጭን ጸጉር፣ በተፈጥሮው የተጠማዘዘ በመሆኑ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ሲለቀቅም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በእጅጌ ጫፍና በግርጌ ላይ የሚሠራው የሚሳብ ጠርዝ ልብሱን ጨብጦ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ጥጥ ይህ ጠባይ የለውም፤ ከተለጠጠ በኋላ የሚመልሰው ኃይል ስለሌለው ክብደት ባገኘ ቁጥር ወደ ታች ይሄዳል። አልፓካ ሞቃትና ለስላሳ ነው፤ ሆኖም ጥምዝምዙ ከበግ ሱፍ በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ እሱም ይረዝማል። የእርስዎ ክር የሁለቱ ቅልቅል ነበር፤ ማለትም የመመለስ ኃይል ያለው ጭረት በውስጡ አልነበረም። ሐር ይወርዳል ግን ያምራል፤ የተልባ ክር (ሊነን) መጀመሪያ ይደርቅና በመታጠብ ይለሰልሳል። አክሪሊክ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ለመታጠብ ይመቻል፤ ነገር ግን እርጥብ አድርጎ በልኩ ማድረቅ እንደ ሱፍ ቅርጽ አያስይዘውም፤ በትኩስ ካውያ ከተነካ ደግሞ የመለጠጥ ጠባዩን ለሁልጊዜ አጥቶ ይቀራል።

ስለ ሱፍ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስለሆነ ነው። በማሽን ሊታጠብ ይችላል ተብሎ የሚሸጠው ሱፍ በጭረቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች በኬሚካል የተነሡለት ወይም በስስ ሽፋን የተለበጡለት ነው። ቅርፊቶቹ እርስ በርስ መያያዝ ስለማይችሉ ልብሱ አይኮማተርም፤ በዚያው ልክ ግን ጭረቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉና በውኃ ሲርስ በግልጽ ይሰፋል፣ ይረዝማል። ይህ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን ናሙናውን ሳያጥቡ ለሚለኩ ሰዎች ወጥመድ ነው።

የክሩ አገማመድም ከጭረቱ ያላነሰ ይወስናል። ባለ ሁለት ግምድ ክር ዓይኖቹን፣ ማለትም ጨርቁ የሚሠራባቸውን የክር ቀለበቶች፣ ወደ ጎን ይከፍታቸዋል፤ ስለዚህ ቀዳዳ ላለው ስስ ሥራ ይስማማል። ባለ ሦስትና ከዚያ በላይ ግምድ ክር ክብነት ስላለው ዓይኖቹን ሞልቶ ያወጣቸዋል፤ ጉንጉን ጎልቶ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ይህን ነው። ሳይገመድ የቀረ ነጠላ ክር መልኩ ያማልላል፤ ይሁን እንጂ በብብትና በክርን ላይ ቶሎ ጸጉር ያወጣል። ጠቆር ያለ ወይም ቀለሙ የተዥጎረጎረ ክር ደግሞ ብዙ የተደከመበትን ጉንጉን ይውጠዋል፤ በእንዲህ ዓይነቱ ክር ላይ ተራ አሠራር የተሻለ ያምራል ብዬ አምናለሁ።

ውፍረቱን በተመለከተ ክራፍት ያርን ካውንስል የተባለው የአሜሪካ የክር አምራቾች ማኅበር ክሮችን ከ0 እስከ 7 በቁጥር መድቧቸዋል። ለምሳሌ በ3ኛው ምድብ ያለ ክር በተራ አሠራር በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ21 እስከ 24 ዓይን ይሰጣል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ለመግዛት ይረዳል፤ ለመንደፍ ግን አይበቃም። በክሩ ጥቅል ላይ ካለው የምድብ ቁጥር ይልቅ በ100 ግራም ስንት ሜትር እንዳለው ማየት ይጠቅማል፤ በአንድ ምድብ ውስጥ ያሉ ሁለት ክሮች አንዱ 200 ሜትር፣ ሌላው 250 ሜትር ሊሆኑ ይችላሉና።

ወደ ናሙናው እንምጣ፤ ከዚህ በላይ ጊዜ የሚገባው የሥራው ክፍል የለም። አንድ ናሙና ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ይሥሩ፤ ለአንድ ክር በ3.5፣ በ4 እና በ4.5 ሚሊ ሜትር መርፌ። እያንዳንዱ ቢያንስ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ቢቻል 20 ይሁን። ሲታጠቡ ልብሱ ወደፊት እንደሚታጠበው ይታጠቡ፤ ሹራቡ በማሽን የሚታጠብ ከሆነ ናሙናው በእጅ ታጥቦ ምንም አይነግርዎትም። ከደረቁ በኋላ ሦስቱን በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቋቸው፤ በብርሃን አንጻር ይያዟቸው፤ በጣትዎ ላይ አንጠልጥለው እንዴት እንደሚወርዱ ይመልከቱ። ጠበቅ ያለው ለኮትና ለጃኬት፣ ላላ ያለው ለሻርፕ፣ መካከለኛው ብዙ ጊዜ ለሹራብ ይሆናል። እንደ እርስዎ ክር የመመለስ ኃይል የሌለው ሲሆን ግን በጥቅሉ ላይ ከተጻፈው መርፌ በአንድ ደረጃ የቀጠነውን እመርጣለሁ፤ ጠበቅ ብሎ የተሠራ ጨርቅ ራሱን ይሸከማል።

ሲለኩ ጠርዙን ትተው ከመካከል ይለኩ። በተራ አሠራር፣ ማለትም በአንዱ ረድፍ ቀጥታ በሚቀጥለው ግልብጥ (ዓይኑ ጀርባውን ወደ ሠሪው አዙሮ) በሚሠራው፣ ጠርዙ ስለሚጠቀለል በዚያ በኩል ያለው ዓይን የተዛባ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ሲቆጥሩ ግማሽ ዓይን ካለ ግማሹን ይመዝግቡ፤ ወደ ሙሉ ቁጥር አያጠጋጉት። ሹራቡ በዙር የሚሠራ ከሆነ ናሙናውም በዙር ይሠራ፤ ብዙ ሰው ግልብጡን ረድፍ ከቀጥታው ላላ አድርጎ ስለሚሠራ፣ እየተመላለሱ የተሠራ ናሙና ግልብጥ ረድፍ ለሌለው የዙር ሥራ የተለየ ልክ ይሰጣል።

አሁን የእርስዎን ሹራብ ወደሚመለከተው ነጥብ ደርሻለሁ። ከታጠበና ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከተለካ በኋላ ናሙናውን ከላይ ጠርዙ በዘንግ ላይ አሥረው፣ ከታች ጠርዙ ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ አያይዘውበት አንድ ሌሊት ያሳድሩትና የረድፎቹን ልክ እንደ ተንጠለጠለ ይለኩ። ተዘርግቶ በ10 ሴንቲ ሜትር 30 ረድፍ የነበረው ተንጠልጥሎ 28 ሆነ እንበል። ለ60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት በመጀመሪያው ልክ 180 ረድፍ ይሠራሉ፤ እነዚያ 180 ረድፎች ሲለበሱ ግን ከ64 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናሉ። በ28 ካሰሉ የሚያስፈልግዎ 168 ረድፍ ብቻ ነው። ጉንጉን ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ጉንጉን ጨርቁን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስበው ለአንድ ዓይነት ስፋት ብዙ ዓይን፣ ማለትም ብዙ ክር፣ ማለትም ብዙ ክብደት ይጠይቃል። የ8 ሴንቲ ሜትሩ ምንጭ እንግዲህ ሦስት ነገር ነው፤ የማይመለስ ጭረት፣ የጉንጉኑ ክብደት፣ እንዲሁም ሹራቡ፣ እንደ ነገሩኝ፣ ከላይ እስከ ታች ያለ ስፌት በዙር መሠራቱ። የጎንና የትከሻ ስፌት በልብስ ውስጥ እንደ አጥንት ያገለግላል፤ ለከባድ ክር ስፌቱን ማስቀረት ውድ ቁጠባ ነው።

የጉንጉኑን ክፍል ለብቻው መለካትም አይዘንጉ። በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዓይን በሚሰጥ ክር 24 ዓይን ያለው ክፍል በተራ አሠራር 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል፤ በተጎነጎነ ጊዜ ግን 8 ወይም 9 ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልብሱን በአንድ ልክ ማስላት አይቻልም፤ የጉንጉኑ ስፋት በራሱ ልክ፣ የቀረው በተራው አሠራር ልክ ተሰልተው ይደመራሉ። ጉንጉኑ አልቆ ተራው አሠራር በሚጀምርበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከአንገት አጠገብ፣ ትርፍ ዓይኖቹን በአንድ ረድፍ ካልቀነሷቸው ጠርዙ ይሸበሸባል።

ልክ የሚወሰደው ከአካል ነው፤ ልብሱ የሚይዘው ስፋት ግን የአካሉ ልክ ከምቾት ትርፍ ጋር ተደምሮ ነው። ገጠም ላለ ሹራብ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ለተለመደው ከ5 እስከ 10፣ ሰፋ ላለው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ትርፍ በደረት ዙሪያ ይሰጣል። ትርፉ ምን ያህል እንዲሆን ሲወስኑ ከሠንጠረዥ ይልቅ የሚወዱትን አንድ ሹራብ አውጥተው መለካት የተሻለ ዳኛ ነው፤ ብቻ በውፍረቱ ከሚሠሩት ጋር የሚቀራረብ ይሁን። የደረት ዙሪያ 92፣ ትርፉ 10፣ ድምሩ 102 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሴንቲ ሜትር 2.2 ዓይን ሲባዛ 224.4 ይመጣል፤ 224 ዓይን ብለን እንያዘው። ናሙናውን በስንፍና ለክተን 22 የመሰለን 21 ቢሆን ኖሮ እነዚያው 224 ዓይኖች ወደ 107 ሴንቲ ሜትር ይሆኑ ነበር። በናሙናው ላይ አንዲት ዓይን፣ በልብሱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ናት።

ይህ ቁጥር ከሚደጋገመው ቅርጽ ጋር መስማማት አለበት። ቅርጹ በ16 ዓይን የሚደጋገም ከሆነ 224 ለ16 ሲካፈል 14 ስለሚሰጥ ችግር የለም። በ18 የሚደጋገም ከሆነ ግን 12 ጊዜ 216 ዓይን፣ ማለትም 98 ሴንቲ ሜትር፤ 13 ጊዜ ደግሞ 234 ዓይን፣ ማለትም 106 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ከምንፈልገው ርቀዋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ጀማሪ ልብሱን ለቅርጹ ሲል ያጠበዋል ወይም ያሰፋዋል። እኔ የምመክረው ቅርጹን ከፊትና ከኋላ በመካከል አስቀምጠው በሁለቱ ጎኖች፣ ከብብት በታች፣ የቀሩትን ዓይኖች በተራ አሠራር እንዲሠሩ ነው። እዚያ ቦታ ማንም አያየውም፤ ንድፉን ወደ ሌላ ልክ ለማስፋት ሲፈልጉም የሚጨምሩት ከዚያው ነው።

ስለ ልብሱ አወቃቀር ረጅም ነገር አልልም። ትከሻው ወርዶ እጅጌው ቀጥ ብሎ የሚገጠምበት አሠራር ለስሌት ቀላሉ ነው፤ ከአንገት እስከ ብብት በሰያፍ መስመር የሚሰፋው እየለኩ ለመሥራት ይመቻል፤ በተቀረጸ ብብት ላይ እጅጌ የሚገጠምበት ከሁሉም በላይ ከአካል ጋር ይስማማል፤ ከባድ ክርንም የሚሸከመው እሱ ነው። ክብ ደረት ላለው፣ ማለትም ከብብት በላይ ያለው ክፍል በአንድ ዙር ለሚሠራ ሹራብ፣ በእንግሊዝ ተወልዳ በአሜሪካ የኖረችው ኤልዛቤት ዚመርማን ያስፋፋችው በመቶኛ የማስላት ዘዴ እስከ ዛሬ ጥሩ መነሻ ነው። የአካሉ ዓይን 100 ከመቶ ተብሎ ይያዛል፤ የእጅጌ ጫፍ 20 ከመቶ፣ የላይኛው ክንድ ከ33 እስከ 40 ከመቶ፣ ከብብት ሥር 8 ከመቶ፣ አንገት 40 ከመቶ ገደማ ይሆናል። በእኛ 224 ላይ ጫፉ 45፣ ክንዱ በ35 ከመቶ 78፣ ብብቱ 18፣ አንገቱ 90 ይሆናል ማለት ነው። ዘዴው መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ደረቱ በሰፋ መጠን ክንድና አንገት በዚያው ልክ ስለማይሰፉ በትልልቅ ልኮች መቶኛውን ዝቅ ማድረግ ግድ ነው።

እጅጌውን በዝርዝር እንሥራው፤ የተመሰቃቀለ እጅጌ ብዙ ጥሩ ሹራብ አበላሽቷልና። ጫፉ ሁለት ቀጥታ ሁለት ግልብጥ ስለሚሆን በ4 መካፈል አለበት፤ 48 እንውሰድ። ክንዱ 78 ነው። ስለዚህ 30 ዓይን፣ በሁለቱ ጎን አንድ አንድ እየተጨመረ፣ በ15 ጊዜ ይጨመራል። የእጅጌው ርዝመት 44 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 6ቱ ጫፉ ነው፤ ከብብት በታች 4 ሴንቲ ሜትር ያለ ጭማሪ ቢቀር ይሻላል፤ የቀረው 34 ሴንቲ ሜትር፣ በሴንቲ ሜትር 3 ረድፍ ሲባዛ 102 ረድፍ ይሆናል። 102 ለ15 ሲካፈል 6.8 ነው፤ በ6.8ኛው ረድፍ መጨመር ደግሞ አይቻልም። ጭማሪው በቀጥታው ረድፍ ላይ እንዲውል ሙሉ ጥንድ ቁጥር እንፈልጋለን፤ እሱም 6 ወይም 8 ነው። 9 ጊዜ በየ6 ረድፉ 54፣ 6 ጊዜ በየ8 ረድፉ 48፣ ድምሩ 102 ይመጣል፤ ልክ ገባ። ከጫፍ ወደ ላይ የሚሠሩ ከሆነ በየ6ቱን አስቀድሙት፤ ክንድ ከአንጓው በላይ ቶሎ ስለሚሰፋ ነው።

በአንገት ላይ ጀማሪ ንድፍ አውጪዎች የሚረሱት ነገር የኋላው ከፊተኛው ከፍ ማለት እንዳለበት ነው። ፊቱ ከኋላው ጋር እኩል የሆነ ሹራብ ጉሮሮን ያንቃል። በኋላ በኩል ጥቂት አጫጭር ረድፎችን (እስከ ጫፍ ሳይደርሱ ከመንገድ የሚመለሱ) ጨምሮ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ማስነሣት ይበቃል። የአንገቱ ጠርዝ ሲዘጋ ጭንቅላት ማስገባቱን ከመዝጋትዎ በፊት ይሞክሩ።

የክሩ መጠን በግምት አይገዛ። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነው ናሙና 225 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሚዛን ላይ 9 ግራም መዘነ እንበል። አካሉ 102 በ60፣ ማለትም 6120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ እጅጌ ከታች 22፣ ከላይ 35፣ በአማካይ 28.5 ሲሆን በ44 ተባዝቶ 1254፣ ሁለቱ 2508 ይሆናሉ። ድምሩ 8628 ለ225 ሲካፈል ከ38 ጥቂት ይበልጣል፤ በ9 ግራም ሲባዛ 345 ግራም ነው። ከ10 እስከ 15 ከመቶ መጠባበቂያ ሲጨመርበት 50 ግራም የሚመዝኑ 8 ጥቅሎች ያስፈልጋሉ። ጉንጉን ካለው ናሙናውም ጉንጉን ይኑረው፤ አለዚያ ክሩ እጅጌው ላይ ያልቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የማቅለሚያ ቁጥር (አብሮ የተቀለመ ክር ከሚያመለክተው) ይግዙ።

ክፍሎቹ አልቀው ከመሰፋታቸው በፊት እርጥብ ሆነው፣ በልካቸው ተዘርግተው ይድረቁ። ጠፍጣፋ ሆኖ የደረቀ ጠርዝ በቀላሉ ይሰፋል፤ የተጠቀለለ ጠርዝ ግን ትዕግሥትን ይጨርሳል። ለአንገት ወይም ለቁልፍ መስመር ከጎን ዓይን ሲያነሡ በተራ አሠራር ላይ ከየ4 ረድፉ 3 ዓይን ያንሡ፤ 22 ዓይን ከ30 ረድፍ ጋር ሲነጻጸር ከሦስት አራተኛ ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ከየረድፉ ካነሡ ጠርዙ ይዘናፈላል፤ ከየሁለቱ ካነሡ ይሰበሰባል።

ንድፉን ለሌሎች ለመጻፍ ካሰቡ ሌላ ሥራ ነው። ቀጥታና ግልብጥ፣ ጉንጉንና ቀዳዳ የሁሉ ሀብት ናቸው፤ የሌላ ሰው የጽሑፍ መመሪያና የሰንጠረዥ ሥዕል ግን የእሱ ነውና አይቀዳ። እያንዳንዱ ክፍል የሴንቲ ሜትር ልኩ የተጻፈበት ሥዕል ከመመሪያው ጋር ይውጣ፤ የናሙናው ልክም «ከታጠበ በኋላ» ተብሎ ይጻፍ። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ በአንደኛው ልክ ብቻ ሳይሆን በትንሹና በትልቁም ሌላ ሰው ሠርቶ እንዲሞክረው ያድርጉ፤ ጸሐፊው በልቡ ያለውን እየሞላ ስለሚያነብ የራሱን ግድፈት አያይም።

ስለ አሁኑ ሹራብዎ ሁለት መንገድ አለ። ትከሻው ላይ ከኋላ በኩል የማይለጠጥ ጥብጣብ በመርፌ ቢይዙበትና በጎኖቹ ላይ ከውስጥ ከላይ እስከ ታች የሐሰት ስፌት ቢያስገቡበት የትከሻው መውረድ ይቆማል፤ የረዘመውን ግን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ርዝመቱ ካላስቻለዎት ከግርጌ የሚፈልጉትን ያህል ረድፍ ፈትተው ጠርዙን እንደገና መሥራት ይቻላል። ከላይ ወደ ታች የተሠራ ከሆነ ከመዝጊያው ጀምሮ ይፈታል፤ ከታች ወደ ላይ ከሆነ አንድ ክር በጥንቃቄ ተቆርጦ ዓይኖቹ ወደ መርፌ ይነሣሉ፤ ጉንጉኑ ባለበት ጠርዙ እንዳይሸበሸብ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቀንሱ። ሁሉንም ከፈቱት ክሩን በሰፊ ዙር ጠቅልለው፣ በአራት ቦታ ላላ አድርገው አሥረው፣ ለብ ባለ ውኃ አጥበው ሳይወጠር ያድርቁት፤ ጥምዝምዙ ሳይለቀው ናሙና ቢሠሩበት ያው የመጀመሪያው የተሳሳተ ልክ ይመጣልዎታል።